መንግሥት ከማዕዳችን መቼ ወጥቶ ያውቃል?

በሰንበቴ የእሁድ ገበያ መካከል ቆሞ «የሰው ውፍረት መንግሥትን ይመለከተዋል» የሚል ሰው ቢገኝ የሚጠብቀው ሳቅ ነው። ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ የመጣው አፋር፣ ማሽላና ማሾ ያራገፈው የጅሌ ጥሙጋ ኦሮሞ፣ ከደጋው ገብስና ባቄላ ይዞ የወረደው አማራ፣ ሸማውን የዘረጋው አርጎባ፣ አብዛኛው ከሲታ ነው። ሳቁ ሲበርድ ክርክሩ ይከተላል፤ «የሚቀምሰው ያጣ ሕዝብ እያለ ስለ ወፍራም ማውራት ቅንጦት ነው። የወፈረውም በገዛ ሆዱ ነው። መንግሥት ከሰው ማዕድ እጁን ያንሳ።»

ይህን የሚለው ገበያተኛው ብቻ አይደለም። በከሚሴ ሻይ ቤቶች፣ በደሴ ቢሮዎችና በአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሾችም በተማረ አንደበት ይደገማል። ሲፈታ ሦስት እምነቶች ይወጡታል። አንደኛው ውፍረት የጥጋብ በሽታ ስለሆነ የተራበ አገር አይመለከተውም የሚል ነው። ሁለተኛው ጥፋቱ የበላተኛው ነው ይላል። ሦስተኛው መንግሥት እስካሁን ከማዕዱ ውጭ ስለነበረ እዚያው ውጭ ይቆይ የሚል ነው። ሦስቱም ስሕተት ናቸው፤ ለሌሎቹ ሽፋን የሆነው ሦስተኛው ነውና ከእሱ ልጀምር።

በሰንበቴ ሱቆች ደጃፍ የተደረደረውን ቢጫ ጀሪካን እንውሰድ። አቅም ያለው ባለ አምስት ሊትሩን አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ የሌለው በትንሽ ጠርሙስ አስለክቶ ይገዛል። በአብዛኛው ውስጡ ያለው ፓልም ዘይት ነው። ይህ ዘይት ከእስያ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በነጋዴ ብልሃት ብቻ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ተመን ከወጣ በኋላ የፓልም ዘይት ግዢና ሥርጭት በመንግሥት እጅ ገባ። ማን እንደሚያስመጣ የወሰነው፣ የውጭ ምንዛሪውን የፈቀደው፣ የመሸጫ ዋጋውን የቆረጠው፣ በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ያደለው መንግሥት ነው። ድሃው ለዓመታት ተሰልፎ የወሰደውም ይህንኑ ዘይት ነው።

ለክብደት ሲባል ማንኛውም ዘይት ዘይት ነው፤ ኑግም ይሁን ፓልም በብዛት ከተበላ ያወፍራል። ፓልም ግን ሌላ ጣጣ አለው። ከያዘው ስብ ግማሽ ያህሉ ሲበርድ የሚረጋው፣ ሐኪሞች ለልብና ለደም ሥር አይበጅም የሚሉት ዓይነት ነው፤ በኑግ ዘይት ውስጥ የዚህ ስብ ድርሻ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ ውፍረት የሚጋብዛቸውን ሕመሞች ፓልሙ ያባብሳቸዋል።

ስኳርም ከዚህ አይለይም። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ደርግ ከወረሰው ወዲህ ስኳር የመንግሥት ሀብት ሆኖ ኖረ። ፊንጫአንና ተንዳሆን ያቋቋመው መንግሥት ነው፤ የተመረተውንም ሆነ ከውጭ የገባውን ስኳር በኮታ እየሸነሸነ ወደ ቀበሌ የላከው መንግሥት ነው። በቅርብ ዓመታት የኑሮ ውድነቱ ሲከፋ፣ በራሳቸው ምንዛሪ ዕቃ ማስገባት ለሚችሉ ሰዎች ከቀረጥ ነፃ በሩ ሲከፈትላቸው በዝርዝሩ ላይ ከስንዴ፣ ከሩዝና ከሕፃናት ወተት ጋር የምግብ ዘይትና ስኳር ነበሩ።

ይህን ሁሉ ለነቀፋ አላነሣሁትም። ዘይት ከገበያ ጠፍቶ ድሃ ሲጮህ መንግሥት ዘይት ማምጣቱ ግዴታው ነው። ነገር ግን የሚበላውን መርጦ ያስመጣ፣ ዋጋውን የቆረጠና ያከፋፈለ አካል የበላተኛው ጤና ሲቃወስ «ይህ የግል ጉዳይ ነው» ሊል አይችልም። እኛም ልንልለት አይገባም። «እጁን ያንሳ» የሚለው ክርክር የተመሠረተው ኖሮ በማያውቅ ንጹሕ ገበያ ላይ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያ ወጣ። ስኳርና ዘይት እንድንቀንስ፣ አትክልትና ጥራጥሬ እንድናበዛ ይመክራል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን አንዱ የመንግሥት ክንድ ዘይትና ስኳር ከቀረጥ ነፃ እያስገባ ሌላው ክንድ ለእናቶች «ዘይትና ስኳር ቀንሱ» ሲል፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ደርሷል። በሰንበቴና በከሚሴ ዙሪያ የሚመረተው ማሾ መንገዱ የታወቀ ነው፤ ሰብሳቢው ከገበሬው ይገዛል፣ በምርት ገበያ በኩል ያልፍና ወደ ውጭ ይሸጣል። ከእንዲህ ያለ ሰብል በሚገኘው ምንዛሪ ፓልም ዘይት እንገዛለን። ይህን ልውውጥ ሰንበቴ ላይ የወሰነ ማንም የለም፤ የፖሊሲ ውጤት ነው።

ወደ መጀመሪያው እምነት ልምጣ። «የተራበ ሕዝብ ባለበት» የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ በተለይ በዚህ አካባቢ። ወሎ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ አይቷል። ይህ አካባቢ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ግጭት፣ ጦርነትና መፈናቀል አሳልፏል። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 38ቱ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከመቶ 46ቱ ቀንጭረው ነበር። ይህን ቁጥር ይዞ «ቅድሚያ ለረሃብ» የሚልን ሰው ማንም አያሳፍረውም።

ይሁን እንጂ ያው ጥናት ሌላም ገጽ አለው። ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ሴቶች በ1997 ዓ.ም. ከመቶ 4 ነበሩ፤ በ2008 ከመቶ 8 ሆኑ። በአዲስ አበባ ከመቶ 29 ደረሱ። በዚያው ዓመት በአገሪቱ ካሉ ሴቶች ከአምስት አንዷ ከሚገባት በታች ቀጭን ነበረች። ረሃብና ውፍረት ተራ ጠብቀው አይመጡም። በአንድ አገር፣ በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር የቀነጨረ ልጅና የደም ግፊት ያለባት ወፍራም እናት አብረው ይኖራሉ። ሁለቱንም የሚያሳምመው ሆድ የሚሞላ ነገር እንጂ የሚገነባ ምግብ የሌለበት ገበታ ነው።

ግንኙነቱ ከገበታም ያልፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944–45 ክረምት ሆላንድ ላይ ረሃብ ወደቀ። ያ ረሃብ በማኅፀን ሳሉ ያገኛቸው ልጆች ጎልማሳ ሲሆኑ የስኳር፣ የልብና የውፍረት ችግር በርትቶባቸው ታየ። በማኅፀን የተራበ አካል ያገኘውን ሁሉ ቆጥቦ ለማስቀመጥ ይለምዳል፤ በኋላ ርካሽ ዘይትና ስኳር ሲመጣለት ያ ልማድ ሕመም ይሆንበታል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በራያ ቆቦ ከ1977ቱ ረሃብ በተረፉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በጨቅላነት የደረሰ ረሃብ የወገብ ውፍረት፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር መዛባት አንድ ላይ ከሚታዩበት ችግር ጋር ተያያዥነት እንዳለው አመልክቷል። እንግዲህ «የተራበ አገር ውፍረት አያሰጋውም» የሚለው ክርክር ተገልብጦ መነበብ አለበት። ለርካሽ ስብና ስኳር ከማንም በላይ የተጋለጠው የተራበው ነው። የወሎ ልጅ ይህን አደጋ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት ሊመጣ ይችላል፤ መንግሥትም ለዚህ ሕዝብ የሚያስመጣውን ዘይት ሲመርጥ ሊያስብበት ይገባል።

ሁለተኛው እምነት «በገዛ ሆዱ ነው» ይላል። በከሚሴ መናኸሪያ ሸክም የሚጠብቀውን ወጣት እንመልከት። በኪሱ ባለችው ብር ከሁሉ ይበልጥ የሚያጠግበው ምንድን ነው? ተደጋግሞ በተጠበሰበት ዘይት የተሠራ ፓስቲና ስኳር የበዛበት ሻይ። እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልት ለዚያ ብር ያንሱበታል። ይህ ሰው የመረጠው በብሩ ልክ ነው፤ እኔም እሱ ብሆን ያንኑ እገዛ ነበር። ዕድሜው ገፍቶ ሥራው ከሸክም ወደ ሱቅ ወንበር ሲቀየር ክብደቱ ይጨምራል፤ ያኔ «ሆዳም» እንለዋለን።

የፈቃድ ድክመት ነው የሚሉኝ ደግሞ ይህን ያስረዱኝ። ሰንበቴና ከሚሴ ባሉበት ዞን ያለው አብዛኛው ሕዝብ በረመዳን ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ በቆላ ሙቀት እህልም ውሃም አይቀምስም። ጎረቤቱ ክርስቲያን ከዓመቱ እኩሌታ ለሚሆን ጊዜ ሥጋና ወተት ትቶ ይጾማል። ራሱን መግዛት በዚህ ልክ የለመደ ሕዝብ የት ይገኛል? ታዲያ ይህ ሕዝብ ሲያፈጥር በአቅሙ የሚያገኘው በፓልም የተጠበሰ ሳምቡሳ ነው፤ ሲጾም ቅቤው ቀርቶ ወጡ የሚሠራው በዚያው ዘይት ነው። በ1997 እና በ2008 መካከል ከመጠን በላይ የወፈሩት ሴቶች ድርሻ እጥፍ ሲሆን በ11 ዓመት የሴቶች ጠባይ በእጥፍ ተበላሸ ብሎ የሚከራከር ካለ ይቅረብ። የተለወጠው በየሱቁ የሚሸጠው፣ የሚሠራው ሥራና የሚኬድበት መንገድ ነው።

«የግል ጉዳይ ነው» የሚባለው ነገር መጨረሻውም የግል አይደለም። ስኳርና ደም ግፊት ኩላሊት ላይ ሲደርሱ ለእጥበት የሚከፈለው የቤተሰብ ከብት፣ መሬትና ቤት ነው፤ ከዚያ ልመና ይመጣል። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ የአንዱን ሕክምና ከሁሉም መዋጮ ይከፍላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የጤና አገልግሎት፣ ንጹሕ ውሃና ምግብ ለዜጎች እንዲዳረስ ማድረግን የፖሊሲ ዓላማ አድርጎታል። ዜጋው ሲታመም ሊያሳክመው የተጠራ መንግሥት ከመታመሙ በፊት አያገባህም ሊባል አይችልም።

አሁን ከተቃዋሚዎቼ ክርክር ከባዱን ላንሣ፤ እሱም ፍርሃት ነው። ይህ ሕዝብ መንግሥት ጓዳ ሲገባ ምን እንደሚመስል ያውቃል። የደርግን የቀበሌ ሱቅና የኮታ ካርድ የሚያስታውሱ እናቶች አሁንም አሉ። ዛሬ «ለጤናህ» ብሎ የጀመረ ሹም ነገ ሚዛን ይዞ በር ያንኳኳል የሚለው ሥጋት ከአየር የተፈጠረ አይደለም። እኔም እጋራዋለሁ። ስለዚህ ድንበሩ መሠመር አለበት፤ የውፍረት ፖሊሲ ሥነ ምግባርም ሁሉ የሚፈተነው በዚህ ድንበር ላይ ነው። መንግሥት በሸቀጡ ላይ፣ በአምራቹ፣ በአስመጪው፣ በማስታወቂያውና በራሱ ግዢ ላይ እጁን ቢያስገባ ተገቢ ነው። በሰውየው አካል ላይ እጁን ቢያሳርፍ ነውር ነው።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ደንብ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 74 የሆኑ ሰዎች ወገባቸው በሜትር እንዲለካ አደረገች፤ ለወንድ 85፣ ለሴት 90 ሴንቲ ሜትር መለኪያ ቆረጠች፤ ውጤቱ ካልተሻሻለ ቅጣቱ በመድን ድርጅቶች ላይ እንዲያርፍ ደነገገች። ለሀብታምና ለተደራጀ አገር ይህ ይሠራ ይሆናል። በእኛ አገር የጤና መድን መዋጮ በክብደት ይለያይ፣ የመንግሥት ሠራተኛ በወገቡ ይገምገም ቢባል ግን የሚቀጣው ደካማው ነው። ከሁሉ በፊት የሚቀጡት ሴቶች ናቸው። በ2008ቱ ጥናት ከመጠን በላይ የወፈሩት ሴቶች ከመቶ 8፣ ወንዶች ከመቶ 3 ነበሩ። ትናንት «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» ተብላ የተመረቀች ሴት ዛሬ በዚያው ሥጋዋ መሳለቂያ ስትሆን እያየን ነው። በጤና ትምህርት ስም የወፍራም ሰው ሥዕል እየለጠፉ ማሳቀቅ ማንንም አያድንም፤ ሰውየው ከሐኪም ፊት እንዲሸሽ ያደርገዋል እንጂ።

በሸቀጡ ላይ እጅን ማስገባት ነፃነትን እንደማይነካ የራሳችን ሕግ ምስክር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ከለከለ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም አገደ። መጠጣት የፈለገ አሁንም ይጠጣል። የቀረው ሕፃናት በየምሽቱ የቢራ ዘፈን እየሰሙ ማደጋቸው ነው። ለስላሳውና ጣፋጩ ብስኩት ግን እንደ ልባቸው ይተዋወቃሉ። የሰባት ዓመት ልጅ ከሙያተኛ ማስታወቂያ ጋር ተከራክሮ «ነፃ ምርጫ» ያደርጋል ማለት ቀልድ ነው። ነፃነት የሚሉ ሰዎች የማን ነፃነት እንደሆነ ይንገሩን፤ የልጁ ነው ወይስ የሻጩ?

ቀረጥ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቼ ግማሽ እውነት አላቸው፤ በሸቀጥ ላይ የተጣለ ቀረጥ ከሀብታሙ ይልቅ የድሃውን ኪስ ይጎዳል። የእኛ የኤክሳይስ ታክስ ታሪክም የሚያኮራ አይደለም። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 307 በመግቢያው ሁለት ምክንያት ጎን ለጎን አስቀመጠ። ታክሱ በቅንጦት ዕቃና ዋጋው ቢንርም ሰው መግዛቱን በማይተወው መሠረታዊ ሸቀጥ ላይ ይጣላል አለ፤ ቀጥሎም ለጤና ጎጂ በሆነው ላይ ሲጣል ፍጆታውን ይቀንሳል አለ። አንዱ ሰው አይተውም ብሎ፣ ሌላው ይተዋል ብሎ ያስከፍላል። በዚያ አዋጅ ለስላሳ መጠጥ 40 በመቶ፣ ስኳር 33 በመቶ ተጣለባቸው። በ2012 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 የለስላሳው ምጣኔ 25 በመቶ ሆነ፤ የስሌቱ መነሻም ከማምረቻ ወጪ ወደ ፋብሪካ መሸጫ ዋጋ ተዛወረ። የታሸገ ውሃ ሳይቀር ከታክሱ አላመለጠም። ገንዘቡ ወደ ጥቅሉ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ውስጥ ለስኳር ሕሙማን የሚሆን ድርሻ የሚለይ ሕግ የለም።

እንግዲህ ቀረጡ ይነሣ? አይነሣም። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በእያንዳንዱ ሊትር ጣፋጭ መጠጥ ላይ አንድ ፔሶ ስትጥል በመጀመሪያው ዓመት ግዢው በአማካይ 6 በመቶ ወረደ፤ ቅናሹም በድሃ ቤተሰቦች ዘንድ ጎልቶ ታየ። ስለዚህ ከጤናው ትርፍ የበለጠውን ያገኘው ድሃው ነው። ሰንበቴ ላይ ግን አንድ ነገር መጨመር አለበት። በዚያ የቆላ ሙቀት ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛና ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ላይ የቆመ ነጋዴ ለስላሳ የሚገዛው ብዙ ጊዜ የሚታመን የቧንቧ ውሃ ስለማያገኝ ነው። ንጹሕ ውሃ ሳያቀርቡ ጣፋጩን መቅረጥ ጥማትን መቅረጥ ነው። ቀረጡ ፍትሐዊ የሚሆነው ከጣፋጭ መጠጥ የተሰበሰበው ገንዘብ በገበያ ቦታ፣ በመናኸሪያና በትምህርት ቤት ለሚተከል ቧንቧ እንዲውል በሕግ ሲታሰርና የታሸገ ውሃ ከታክሱ ሲወጣ ነው።

የቀረጡ አሠራርም ሊታረም ይገባል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጀችው፣ በ2018 ሥራ ላይ የዋለው ቀረጥ በ100 ሚሊ ሊትር ከ5 ግራም በታች ስኳር ያለበትን መጠጥ ነፃ አደረገ፤ 8 ግራምና ከዚያ በላይ ያለበትን አብዝቶ አስከፈለ። በሁለቱ ዓመታት መካከል ብዙ ፋብሪካዎች ቀረጡን ለማምለጥ ስኳሩን ቀነሱ። ጠጪው ሳያውቀው የሚጠጣው ስኳር ወረደ። የእኛው ቀረጥ በዋጋ እንጂ በስኳር ግራም ስለማይለካ አምራቹ ስኳር የሚቀንስበት ምክንያት የለውም። ድሃውን ሳይጫን አምራቹን የሚያስገድድ መንገድ እያለ የተመረጠው ገንዘብ ለመሰብሰብ የሚቀለው ነው።

«ፓልም ዘይት ቢከለከል የዘይት ዋጋ ሰማይ ይነካል» የሚል ተቃውሞ እጠብቃለሁ። ይከልከል አላልኩም። መንግሥት ለምግብ ዘይት የሚሰጠውን ድጋፍ በዓመታት እየከፋፈለ ከፓልም ወደ ኑግ፣ ሱፍና አኩሪ አተር ያዙር። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቀው ፌቤላ የዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሮለታል። ፋብሪካ አለን ማለት ነው። የጎደለው የቅባት እህሉ ነው፤ ሰሊጣችን ሳይጨመቅ ወደ ውጭ ይላካል፣ ኑጉም ለፋብሪካዎቹ አይበቃም። ለገበሬው የሚደርስ ምርጥ ዘርና የተረጋገጠ ዋጋ የግብርና ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል፤ ለእኔ ግን ከየትኛውም የክብደት ቅነሳ ዘመቻ የበለጠ የጤና ፖሊሲ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ መረጃ ይመጣል። ከሚሴ ያለች እናት ኦሮምኛ ትናገራለች፤ ሰንበቴ የሚገበያየው እረኛ አፋርኛ፤ ጀሪካኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የባሕር ማዶ ቋንቋ ነው። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር፣ ጨው ወይም ስብ በበዛበት ምግብ ላይ ከሩቅ የሚታይ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት አስለጠፈች፤ ምልክት ያለበትንም ከትምህርት ቤት አስወጣች። እንዲህ ያለውን ምልክት ማንበብ የማይችልም ይለየዋል። በሦስትና በአራት ቋንቋ ለሚገበያይ ሕዝብ ከዚህ የቀለለ ፍትሕ የለም።

ስለ እንቅስቃሴም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በተወሰኑ እሁዶች ጎዳና ለመኪና እየተዘጋ ሰው ይሮጥበታል። ጥሩ ነው። ከሚሴን ለሁለት ከፍሎ በሚያልፈው የደሴ መንገድ ላይ ግን ከባድ መኪናና ባጃጅ እየተጋፋት ልጅ ይዛ ለምትሄድ እናት «ስፖርት ሥሪ» የሚል ምክር ስድብ ነው። የእግረኛ መንገድና ዛፍ መጀመሪያ ይምጡ፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ ይሰማል።

ማጠቃለያዬ ፍርድ ነው። መንግሥት በሚያስመጣው ዘይት፣ በሚያመርተውና በሚያከፋፍለው ስኳር፣ በሚሰበስበው ቀረጥና በሚፈቅደው ማስታወቂያ አማካይነት ከማዕዳችን ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ የሚጠበቅበት ሥራ ከራሱ ይጀምራል፤ ለምግብ ዘይት የሚሰጠውን ድጋፍ በጤና መዝኖ በይፋ ያሳውቅ፣ የለስላሳን ቀረጥ በስኳር መጠን ቆርጦ ለውሃ ያውል፣ ልጆችን ከማስታወቂያ ይጠብቅ፣ በማንም ወገብ ላይ ሜትር አይዘርጋ። ይህን ሳያደርግ ለሰንበቴ ገበያተኛ ስለ ክብደቱ ምክር የመላክ መብት የለውም። ይህን ካደረገ ግን «ምን አገባህ» የምንልበት ምክንያት እኛም የለንም።